ጦር ሲወጣ ኬላው ማን እጅ ይገባል?

ሐረር ፈረስ መጋላ ላይ ያለው የመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ባረፈበት ቦታ ቀድሞ መስጊድ ነበር። መስጊዱን ያሠሩት ግብጾች ናቸው። ይህን ድሬዳዋ ላይ በርጫ መሀል ሳነሳ የሚያምነኝ ሰው ጥቂት ነው። «ግብጽና ጀጎልን ደግሞ ምን አገናኛቸው? አቦ ተወን!» ይሉኛል።

በነሐሴ 2024 የግብጽ ወታደራዊ አውሮፕላኖች መሣሪያ ጭነው ሞቃዲሾ ያረፉ ጊዜ ግን ከከዚራ እስከ ሳቢያን ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። «ግብጽ ጓሮአችን ገባች» የማይል አልነበረም። ጓሮ ቀርቶ ሳሎን ገብታ አሥር ዓመት ያህል ተቀምጣ እንደነበር የሚያስታውስ ግን አልገጠመኝም። (ዓመቶቹን፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ግብጽ በ1875 ሐረር ገብታ በ1885 ወጥታለች። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ አገባቧ ሳይሆን አወጣጧ ነው፤ ዛሬ ሶማሊያ ውስጥ የሚሆነውን ለመረዳት ከዚያ የተሻለ መነጽር አላገኘሁም።

የውጭ ጦር ከአንድ አገር ሲወጣ ተንታኙ ሁሉ የሚያነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ክፍተቱን ማን ይሞላዋል? ቱርክ? ኤምሬትስ? ግብጽ? ጥያቄው ራሱ ያሳስታል ባይ ነኝ። «ክፍተት» ሲባል የሚታየን ባዶ መሬት ነው። ጦር ሲወጣ የሚለቀው ግን መንገድ ነው። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ ኬላው ላይ በየቀኑ የሚሰበሰብ ገንዘብ አለ። ከነገ ጠዋት ጀምሮ ያን ገንዘብ የሚቀበለው ማን እንደሆነ ያወቀ ሰው የቀረውን ፖለቲካ አይስተውም። ባንዲራውን የሚሰቅለው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ከጀልዴሳ እስከ ጨለንቆ

የግብጹ አዛዥ ራኡፍ ፓሻ ከዘይላ ተነስቶ፣ በጀልዴሳ በኩል ሽቅብ ወጥቶ ሐረር የገባው ከአንድ ሺህ ብዙም በማይበልጥ ጦር ነው። የሐረሩን ገዥ አሚር ሙሐመድን አስገድሎ ከተማዋን ያዘ። በዚያው ሰሞን ግብጽ በሌላ አቅጣጫ የላከቻቸው ጦሮች አልቀናቸውም፤ አንዱን የመራው ሙንዚንገር አውሳ ላይ ተገደለ፣ የሰሜኑ ጦር ጉንደት ላይ፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ጉራ ላይ በዐፄ ዮሐንስ ተመታ። ሐረር የገባው ግን ቀረ።

ጀልዴሳን የሚያውቅ የድሬ ሰው ዛሬ ብዙ አይደለም። ከከተማው በስተሰሜን፣ ወደ በረሃው በሚወስደው አቅጣጫ ያለች፣ ለሙቀቷ እንጂ ለታሪኳ የማትነሳ ቦታ ናት። በዚያ ዘመን ግን ከዘይላ በግመል የመጣ ሸቀጥ ሁሉ አርፎ ለደጋው መንገድ የሚዘጋጅባት፣ ከሐረር የወረደ ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስም የሚያልፍባት በር ነበረች። ግብጾች ሐረርን ያዙ ሲባል ከጀጎል ግንብ ይልቅ ይህችን መስመር ያዙ ማለት ነው። ራኡፍ ራሱ ንግዱን ለኪሱ አደረገው ተብሎ፣ በ1878 ሱዳንን ለግብጽ ያስተዳድር የነበረው እንግሊዛዊው ጎርደን ሐረር ድረስ መጥቶ ከሥልጣን ያነሳው ለዚህ ነበር። ኬላ የያዘ ሰው ፈተናው አንድ ዓይነት ነው፣ ፓሻም ይሁን የመንገድ ዘብ።

ታዲያ ለምን ወጡ? ሐረር ላይ ማንም አላሸነፋቸውም። ካይሮ ከስራ ነው። ግብጽ በ1876 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት ነበር፤ በ1882 እንግሊዝ ራሷን ግብጽን ያዘች፤ ሱዳን ውስጥ መሐዲ ተነሳ፣ በጥር 1885 ካርቱም ወደቀች። ለንደን ሒሳቡን ስትሠራ ሐረር ላይ ጦር መቀለብ የማያዋጣ ሆኖ ታያት። ወታደሩ ከነቤተሰቡ ተጠቅልሎ ወደ ዘይላ ወረደ።

እንግሊዞች ሲወጡ ቦታውን ባለቤት ሰጥተነዋል ነው የሚሉት። ራኡፍ ያስገደለውን የአሚር ሙሐመድን ልጅ፣ አብዱላሂን፣ አሚር አድርገው አስቀመጡት፤ ጥቂት መቶ ወታደር አሠለጠኑለት። በወረቀት ላይ ሲታይ የተስተካከለ ርክክብ ነው። ችግሩ የተሰጠው ግማሹ መሆኑ ነው። ዘይላንና በርበራን፣ ማለትም የመንገዱን የባሕር ጫፍና የጉምሩኩን ገንዘብ፣ እንግሊዝ ለራሷ ይዛለች። ፈረንሳይ ኦቦክና ታጁራ ላይ ሆና ንግዱን ወደ ራሷ ትጎትታለች። ጣሊያን በየካቲት 1885 ምጽዋ ገብታ ቀጣዩን ታማትራለች። አሚሩ እጅ የቀረው ከተማው ብቻ ነው። በዙሪያው ያለው የኦሮሞ ገበሬና የሶማሌ ጎሳ ለግብጽ የሚከፍለውን ለአሚሩ የሚከፍልበት ምክንያት አልታየውም።

ሦስቱ መንግሥታት ሐረርን ያልወሰዱት ጠልተዋት አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ስለፈራ ነው። እንግሊዝ ብትገባ ፈረንሳይ አትተኛም፣ ፈረንሳይ ብትሞክር እንግሊዝ አትፈቅድም። በሚያዝያ 1886 በካውንት ፖሮ የሚመራ የጣሊያን ጉዞ ጀልዴሳ አካባቢ ሲደርስ በአሚሩ ሰዎች ተጨፈጨፈ። ሮም ጮኸች፤ የመጣ ጦር ግን የለም። ነጋዴው መስመሩን መራቅ ጀመረ። ኬላው አለ፣ የሚያልፍበት ሰው የለም።

መጨረሻ ላይ የመጣው ከባሕር በኩል ማንም ያልጠበቀው ሆነ። ሸዋ ውስጥ ምኒልክ መሣሪያ የሚያስገባበት መንገድ ያስፈልገዋል፤ የታጁራው መስመር የአፋርን በረሃ የሚያቋርጥ፣ ረጅምና አድካሚ ነው። በ1879 ዓ.ም. በገና ሰሞን ጨለንቆ ላይ የአሚር አብዱላሂ ጦር ተሸነፈ፣ ምኒልክ ሐረር ገባ፣ መኮንን (ኋላ ራስ መኮንን) ገዥ ሆኖ ተሾመ። ከግብጽ መውጣት እስከ ጨለንቆ ሁለት ዓመት አልሞላም። እንግሊዝና ፈረንሳይ ቁጭ ብለው «ሐረርን ማናችንም አንይዝም» ብለው የተስማሙት በየካቲት 1888 ነው፤ መኮንን ጀጎል ውስጥ ዓመት ካለፈው በኋላ። ይህን ቀን ባነበብኩት ቁጥር ሳቄ ይመጣል።

ጨለንቆ ግን የሚሳቅበት አይደለም። ለአንዱ የአገር ግንባታ ምዕራፍ የሆነው ለሐረሪውና ለሐረርጌ ኦሮሞ የሐዘን ቀን ነው፤ ከጭሮ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው ጨለንቆ ሲደርስ የሰማዕታቱን መታሰቢያ ያያል። ምሳሌውን ያመጣሁት እንዲደገም ሽቼ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የሞቃዲሾና የሐርጌሳ ምሁራንም ይህን ታሪክ ያውቁታል። አዲስ አበባ ላይ «የባሕር በር» በተባለ ቁጥር ጆሯቸው የሚቆመው፣ ከደጋ የመጣ መንገድ ፈላጊ ምን እንደሚያደርግ አንዴ ስላዩ ነው።

ሁዱር

አሁን ወደ ዛሬው እንምጣ። ሁዱር ሶማሊያ ውስጥ የባኮል አውራጃ ዋና ከተማ ናት፣ ከእኛ ሶማሌ ክልል ድንበር ብዙ አትርቅም። በመጋቢት 2013 የኢትዮጵያ ጦር ከሁዱር ወጣ፤ አልሸባብ በዚያው ዕለት ገባ። በዓመቱ፣ መጋቢት 2014 ላይ፣ የኢትዮጵያና የሶማሊያ ወታደሮች መልሰው ያዟት። ዜናው «ሁዱር ነፃ ወጣች» አለ።

ከዚያ የሆነውን የዘገበው ጥቂት ነው። አልሸባብ ከተማዋን ለማስመለስ ብዙም አልተጣደፈም። መንገዶቹን ዘጋ። ከባይደዋ የሚመጣ የጭነት መኪና እንዳያልፍ ከለከለ። ባንዲራው ሁዱር መሀል ይውለበለባል፣ ወታደሩ ምሽጉ ውስጥ አለ፣ ዱቄትና ስኳር ግን በአህያ ጋሪ፣ በሌሊት፣ በጫካ ተሽሎክሉኮ ነው የሚገባው። የተያዘ ጋሪ ይቃጠላል፤ ባለጋሪውም ላይተርፍ ይችላል። ዕርዳታ በአውሮፕላን መግባት ነበረበት። እንዲህ ያለችን ከተማ «የያዘው» ማን ነው? ካርታ ላይ ቀለም የሚቀባ ሰው መንግሥት ነው ይላል። ሁዱር ውስጥ ሻይ የሚያፈላ ሰው የስኳሩን ዋጋ አይቶ ሌላ መልስ ይሰጣል።

በጥቅምት 2016 ደግሞ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮ ውጭ ያሰማራችው ጦር ሒራን ውስጥ ካሉት ሐልጋንና ኤል አሊ፣ ባኮል ውስጥም ከቲዬግሎ ወጣ። አልሸባብ እግር በእግር ገባ። ያኔ የኮሙኒኬሽን ሚኒስትር የነበሩት ጌታቸው ረዳ የሰጡት ምክንያት ወጪው ከብዶናል፣ ዓለም አላገዘንም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአውሮፓ ኅብረት ለአሚሶም (የአፍሪካ ኅብረቱ ተልዕኮ ነው) ወታደሮች ከሚከፍለው አበል ላይ 20 በመቶ ቀንሷል። ካይሮና ሐረር ትዝ ይሏችሁ፦ እዚህም ጦሩን ያስወጣው የሒሳብ መዝገብ ነው።

አልሸባብ ግን ደሞዝ የሚለምነው ለጋሽ የለውም። የአሜሪካ ግምጃ ቤት ቡድኑ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባል ይላል። ከየት? ከኬላ። በጭነት መኪና፣ በግመል፣ በእርሻ፣ ሞቃዲሾ ወደብ ላይ በሚራገፍ ኮንቴይነር ሳይቀር ያስከፍላል። የተባበሩት መንግሥታት አጣሪዎች ደጋግመው የጻፉት አንድ ነገር አለ፤ አልሸባብ ደረሰኝ ይሰጣል። ሹፌሩ አንዴ ከፍሎ ወረቀቱን ከያዘ በሚቀጥለው የቡድኑ ኬላ ድጋሚ አይከፍልም። የመንግሥት ልብስ በለበሱ ሰዎች ኬላ ግን በየመንደሩ ነው የሚከፍለው፣ ደረሰኝም የለ፣ ቁርጥ ዋጋም የለ።

ይህን ያልኩት ቡድኑን ላሞግስ አይደለም። ጋሪ የሚያቃጥለውም፣ ሞቃዲሾ ላይ በጥቅምት 2017 በአንድ የጭነት መኪና ፈንጂ ከአምስት መቶ በላይ ሰው የፈጀውም እሱ ነው ተብሎ ይታመናል። ጨካኝ ቀራጭም ቢሆን የታወቀ ተመን ካለው ነጋዴ ከማይታወቅ ቀራጭ ይመርጠዋል፣ ይኸው ነው። ሐረር ላይ አሚር አብዱላሂን የጎዳው አንዱ ነገር ይህ ነበር፤ ነጋዴው ነገ ምን እንደሚጠየቅ ማወቅ አልቻለም።

ስም የሚቀያይር ተልዕኮ

አሚሶም በ2007 ጀመረ፤ ጣሪያው ላይ ሲደርስ 22 ሺህ ያህል ወታደርና ፖሊስ ነበረው። በሚያዝያ 2022 ስሙ አትሚስ ሆነ፣ በደረጃ እየቀነሰ በ2024 መጨረሻ እንዲወጣ ታሰበ። በጥር 2025 ደግሞ አውሶም መጣ፤ 11,826 ሰው፣ እስከ 2029 መጨረሻ በታሰበ ዕቅድ። ቡሩንዲ ወጣች፣ ግብጽ ለመግባት እጇን አወጣች። በ2025 መጀመሪያ በተደረሰው ድልድል ኢትዮጵያ 2,500፣ ግብጽ 1,091 ወታደር ነው የደረሳቸው።

ገንዘቡ ግን አሁንም አልተገኘም። የጸጥታው ምክር ቤት በታኅሣሥ 2023 ባወጣው ውሳኔ 2719 የአፍሪካ ኅብረት ተልዕኮዎች ወጪ እስከ 75 በመቶው ከተመድ መዋጮ ሊሸፈን ይችላል ብሎ ነበር፤ ሶማሊያ ላይ ይተግበር ሲባል አሜሪካ እምቢ አለች። ስለዚህ ተልዕኮው ሦስተኛ ስሙን ይዞ ያው የድሮው ዕዳ ላይ ተቀምጧል። በየካቲት 2025 አልሸባብ መካከለኛው ሸበሌ ላይ ጥቃት ከፈተ፤ በሚያዝያ አዳን ያባል የተባለችውን ከተማ ያዘ።

የመግለጫ ብዛት ጦር ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ነገሩ ባለቀ።

የጅብ ቀዳዳ

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። ሐረር ላይ ይህ ተረት ትንሽ ይገለበጣል። የጀጎል ግንብ ላይ ዝቅ ብለው የተሠሩ ቀዳዳዎች አሉ፤ ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል፣ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። ውሻ አልቀደዳቸውም። ጅቡ ሌሊት ገብቶ ቆሻሻውን እንዲያጸዳ ባለቤቶቹ አስበውበት የተዉዋቸው ናቸው።

የቀንዱ ፖለቲካም ከተረቱ ይልቅ ለሐረሩ ግንብ ይቀርባል። የውጭ ኃይል ሰብሮ ሲገባ አይታይም፤ ከውስጥ ያለ አንዱ ወገን ሌላውን እንዲያስፈራራለት ቀዳዳ ይከፍትለታል። በ2024 የፈረንጆች አዲስ ዓመት ቀን አዲስ አበባና የሶማሌላንዷ ሐርጌሳ የመግባቢያ ስምምነት ፈረሙ፤ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ዳርቻ በ50 ዓመት ሊዝ። ሞቃዲሾ በንዴት በየካቲት ከቱርክ ጋር፣ በነሐሴ ከግብጽ ጋር የመከላከያ ስምምነት ፈረመች። በጥቅምት የግብጽ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተሰበሰቡ። በታኅሣሥ ቱርክ ዐቢይንና ሐሰን ሼክን አንካራ ላይ አስማማች። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ እስራኤል ለሶማሌላንድ ዕውቅና ሰጠች። እያንዳንዱ ቀዳዳ የተከፈተው ለሌላው ቀዳዳ መልስ ሆኖ ነው።

የገቡት ሲወጡ ምን እንደሚሆን ደግሞ ከዚህ ብዙ ሳንርቅ ሁለት ጊዜ አይተናል። በሰኔ 2017 የባሕረ ሰላጤው አገሮች ኳታርን ሲያገልሉ ጂቡቲና ኤርትራ ለሳዑዲ ወገን አደሉ። ኳታር ከ2010 ጀምሮ፣ ሁለቱ በሚወዛገቡበት የራስ ዱሜራ ድንበር ላይ፣ ገላጋይ ሆነው የቆሙ ወታደሮቿን ያለ ማስጠንቀቂያ ጠቅልላ ወጣች። ጂቡቲ እንዳለችው የኤርትራ ወታደር ወዲያው ቦታውን ያዘ። ያኔ ይህን አቤቱታ ያሰሙት የጂቡቲ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማሐሙድ አሊ ዩሱፍ ዛሬ የአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ሊቀመንበር ናቸው፤ አውሶምም የእሳቸው ጣጣ ሆኗል። ድንገት የሚወጣ ጦር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም።

ሁለተኛው ሞቃዲሾ ላይ ነው። በሚያዝያ 2018 የሶማሊያ መንግሥት ከኤምሬትስ አውሮፕላን 9.6 ሚሊዮን ዶላር ያዘ፤ ኤምሬትስ ለሶማሊያ ወታደሮች የምትሰጠውን ሥልጠና አቋርጣ ወጣች። ማሠልጠኛው ቀናት ሳይቆይ ተዘረፈ። ዘራፊዎቹ እዚያው የሠለጠኑ ወታደሮች ነበሩ፣ የዘረፉት ደግሞ ጠመንጃ ነው።

ከውጭዎቹ ሁሉ የኬላን ነገር የገባት ቱርክ ናት ብዬ አምናለሁ። ሞቃዲሾ ላይ ትልቁን የጦር ማሠልጠኛዋን በ2017 ከመክፈቷ በፊት አየር ማረፊያውን ከ2013፣ ወደቡን ከ2014 ጀምሮ የቱርክ ኩባንያዎች ያስተዳድሩት ነበር። መጀመሪያ ገንዘብ ተቀባዩ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ወታደሩን ኋላ አመጣች። ኤምሬትስም በወደብ ኩባንያዋ በዲፒ ወርልድ በኩል በርበራ ላይ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ግብጽ ግን ሶማሊያ ውስጥ ወደብ የላት፣ ገበያ የላት፣ የምታስከፍለው መንገድ የላት። ያላት በአባይ ጉዳይ አዲስ አበባን የማስጨነቅ ፍላጎት ነው። ስለዚህ ሬዲዮ የሚያስፈራራኝን ያህል የግብጽ 1,091 ወታደር አያስፈራኝም። ደሞዙን ሌላ ሰው የሚከፍልለት ጦር ከፋዩ ሲደክመው እንደሚሄድ ፈረስ መጋላ ላይ አይተነዋል። ይልቅ የሚያሳስበኝ የሚያመጡት መሣሪያ ነው፤ ከ2018ቱ ዘረፋ በኋላ የሶማሊያ መጋዘን ቁልፍ ላይ እምነት የለኝም።

እነዚህ ሁሉ ግን የያዙት የባሕሩን ጫፍ ነው። ልክ እንደ 1885። ከወደቡ ወደ ውስጥ፣ ከሞቃዲሾ እስከ ባይደዋ፣ ከባይደዋ እስከ ሁዱር ያለውን መንገድ የሚፎካከርበት ኃያል አገር የለም። አልሸባብ የሚኖረው እዚያ ላይ ነው።

ከታይዋን ሲታይ

ድሬዳዋ ራሷ የኬላ ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሳው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1902 መጨረሻ ሜዳው ላይ ቆመ፣ ከተማው በቆመበት በቀለ፣ የጀልዴሳ ሥራ ወደ ለገሃር ዞረ። ለዚህ ይመስለኛል የድሬ ነጋዴ ፖለቲካን በጭነት ዋጋ የሚያነበው።

እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብታችሁ ሞባይል የሚሸጥን ልጅ ስለ አንካራ ስምምነት ብትጠይቁት ትከሻውን ይነቀንቃል። የድንበር ከተማዋ ቶጎ ውጫሌ እንዴት ናት በሉት ግን፤ ስንት መኪና እንደቆመ፣ የትኛው ኬላ ፍተሻ እንዳጠበቀ፣ ከበርበራ የተነሳው ዕቃ ጅጅጋ መድረሱን ጭምር ይነግራችኋል። አወዳይም እንዲሁ ነው። ከሰዓት በኋላ ዙርባ ዙርባ ታስሮ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ጫት አይሱዙ ላይ ተጭኖ ወደ ጅጅጋ የሚበረው ሐርጌሳ ሳይደርቅ እንዲደርስ ነው። አንድ ኬላ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆመ ዋጋው ወደቀ። የዚያ ሹፌር የደኅንነት ትንታኔ ከብዙዎቻችን ይሻላል፤ የኬላ ጠባቂው ማን እንደሆነ፣ በማን ስም እንደሚያስከፍል፣ ካለፈው ሳምንት ስንት እንደጨመረ ያውቃል።

በሞቃዲሾና በአዲስ አበባ መካከል ነገሩ በተካረረበት በ2024 የሶማሊያ መንግሥት የኢትዮጵያ ጦር በዓመቱ መጨረሻ ይውጣልኝ ሲል፣ ባይደዋ ላይ ያሉ የደቡብ ምዕራብ ክልል ባለሥልጣናት ይቆይልን አሉ። አዲስ አበባ ላይ ይህ እንደ ፍቅር ተተረጎመ። ፍቅር አይመስለኝም። የባይደዋ ሰው በጥር 2009 የኢትዮጵያ ጦር ሲወጣ አልሸባብ በስንት ቀን እንደገባ ያስታውሳል። ጦራችን እዚያ ብዙ ስህተት ሠርቷል፣ ወዳጅም ጠላትም አፍርቷል፤ ሰዉ ግን እያወዳደረ ያለው ኢትዮጵያን ከመልአክ ጋር አይደለም።

እኛም ብንሆን ከዚህ ወገን ያለን ሒሳብ አልጠራም። በሐምሌ 2022 አልሸባብ ድንበር ተሻግሮ ሶማሌ ክልል ሲገባ፣ የተሻገረው በባኮል በኩል ነው። የጦራችን ሥራ ያንን በር መጠበቅ ከሆነ፣ በሩ ላይ ያለው ኬላ የማን እንደሆነ መጠየቅ ነበረብን። የባይደዋ አስተዳደር በደረሰኝ የሚያስከፍል፣ ከፍሎ ያለፈውን ሹፌር ደግሞ የማያስከፍል ቀራጭ ቢኖረው፣ ገንዘቡ ለፖሊሱ ደሞዝ ቢደርስ፣ ከ2,500 ወታደር ያላነሰ ይሠራል። ለዚህ ግን ለጋሽ አይሰለፍም፣ ሪባንም አይቆረጥበትም።

አውሶም በዕቅዱ መሠረት ከሄደ መውጫው 2029 ነው። ዕቅዱ ግን ገንዘብ እስካለ ድረስ ነው፤ ገንዘቡ ደግሞ ከዓመት ዓመት የሚለመን ነው። እስከዚያው የአንካራውን፣ የአቡዳቢውንና የካይሮውን መግለጫ ማንበቤን አልተውም፣ ሥራዬ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት ፈጢራዬን ስበላ አንድ ሁለት ሹፌር እጠይቃለሁ፦ ከሞቃዲሾ ባይደዋ አንድ ኩንታል ስኳር ስንት ተጭኖ ገባ፣ ስንት ቦታ ተከፈለበት፣ ደረሰኙንስ የሰጠው ማን ነው?